መሄጃውና መመለሻው

ቶናው ደርሷል፣ ሲኒህን ወዲህ በል። እስቲ ልጠይቅህ፤ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? አንዱ 13 ይልሃል፣ ሌላው 17። አትከራከር፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው የሚያወራው ስለ መምጣቱ ነው፣ ሁለተኛው ስለ መሄዱ።

ርቀቱማ ያው 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ማስመሪያ ካስቀመጥክ መንገዱ በቻድ፣ በማሊና በሞሪታንያ የሚያልፍ ይመስልሃል። ሉል ላይ ክር ወጥረህ እየው እንጂ! ክሩ ሱዳንንና ሊቢያን አልፎ፣ ሜድትራኒያንን ተሻግሮ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል ነው አትላንቲክ የሚገባው። አጭሩ እሱ ነው።

ታዲያ አራቱ ሰዓት ከየት መጣ? ከቦሌ ከፍታ። ኤርፖርታችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ክንፉም ሞተሩም እንደ ቆላው አይበረታም። በቅሎስ ብትሆን ለዳገት ጭነት ይቀነስላት የለ? አውሮፕላኑም ሰው ከነሻንጣው ሞልቶ፣ ነዳጁንም እስከ አፉ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይወጣና መንገድ ላይ ይቀዳል፤ እንደ ዘመኑ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ቆሟል። የዋሽንግተኑ ኤርፖርት ደለስ ግን ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ጢም አድርጎ ሞልቶ በአንድ ትንፋሽ ቦሌ ይገባል። ላይ ያለው ንፋስም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲመለስ ከኋላ ይገፋዋል።

ጭነት ካነሳን አይቀር፣ ሻንጣ ማስመዘኛው ጋ ቆመህ ታውቃለህ? ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። አንዲት እናት ወለሉ ላይ በርከክ ብለው ሽሮውን ከአንዱ ሻንጣ ወደ ሌላው ያሸጋግራሉ፤ በርበሬው ጠቅልለው ያስገቡትን ነጠላ አቅልቶታል፤ የልጅ ልጃቸው ካፖርት ደግሞ እንዳይመዘን ትከሻቸው ላይ ተደርቧል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼው ነው። እኔ ብሆን እቤት መዝኜ እመጣ ነበር እላለሁ፤ ግን ጎረቤት በመጨረሻው ሰዓት ድርቆሽ ይዞ ሲመጣ ማን እምቢ ይላል?

ወደ አውሮፕላኑ እንመለስና፣ ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ዳገቱን ያቀልለት ይሆናል። ንፋሱ ግን ለሂያጁ ያው ከፊት ነው።

ሰዓቱ ደግሞ ጉደኛ ነው። በእነሱ በጋ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው፣ በክረምታቸው 8። በበጋው ከቦሌ ከምሽቱ 4 ሰዓት የተነሳ ሰው 17 ሰዓት በርሮ እዚያ ሲደርስ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ያየ 10 ሰዓት ብቻ የተጓዘ ይመስለዋል። ሲመለስ ደግሞ ረፋድ 5 ሰዓት ተነስቶ፣ 13 ሰዓት በርሮ፣ ቦሌ በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይገባል፤ በግድግዳው ሰዓት 20። ረጅሙ አጥሮ፣ አጭሩ ረዝሞ! በዚህ ላይ ቲኬቱ የሚጻፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ለአክስትህ «በ7 ሰዓት እገባለሁ» ብለህ ብትልክላቸው ምሳ በልተው፣ አበባቸውን ይዘው፣ ዘና ብለው ቦሌ ይመጡልሃል።