መጀመሪያ አምፖሉን እዩት

ዛሬ ከሰዓት ከእህቴ ልጅ ጋር ለሰርግ የሚሆን ቀሚስ ፍለጋ ወጥተን ነበር። የሱቁን ስም አልጠራም፤ መጥራትም አያስፈልግም። ቦሌም ሂዱ መገናኛ፣ መርካቶም ግቡ ፒያሳ፣ መልበሻ ክፍሉ ያው ነው። በመጋረጃ የተከለለች ጥግ፣ ኮርኒሱ ላይ ልክ ከአናት በላይ የተሰካ ነጭ አምፖል፣ ግድግዳ የተደገፈ ረጅም መስታወት። ልጅቷ ቀሚሱን ከመስቀያው ስታወርደው ደስታዋ ሱቁን ሞልቶት ነበር። ገብታ መጋረጃውን ዘጋች። ስትወጣ የራሷን ልብስ መልሳ ለብሳለች። ቀሚሱን ለሻጯ አስረከበችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አክስቴ፣ እኔ ሰርጉ ቢቀርብኝስ?» አለችኝ።

ለብሳው እንኳ አላሳየችኝም። ምን ሆነሽ ነው ስላት ክንዴ፣ ሆዴ፣ ፊቴ ላይ ያለው ነገር፣ ከዓይኔ ስር ያለው ጥቁረት፣ «ፊቴ ሞቷል» እያለች ዘረዘረችልኝ። ጠዋት ቁርስ አብረን በልተናል፣ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስትስቅ ነበር። እነዚህ ሁሉ ጉዶች ጠዋት የት ነበሩ?

እኔም ገብቼ ቆምኩበት። ብርሃን በቀጥታ ከአናት ላይ ሲወርድ ግንባር ዓይን ላይ ያጠላል፣ አፍንጫ ከንፈር ላይ ያጠላል፣ ከዓይን ስር ያለችው ትንሽ ጎድጓዳ ሳምንት ያልተኛ ሰው ታስመስላለች። ክንድና ሆድ ላይ ያለ ማንኛውም ነገር የራሱን ጥላ ይዞ ብቅ ይላል። ግድግዳ የሚለስኑ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ልስኑ የት ጋ እንደጎበጠ ማግኘት ሲፈልጉ ፓውዛ አምጥተው ከጎን አስጠግተው ያበሩበታል፣ ለስላሳ ይመስል የነበረው ግድግዳ ወዲያው ኮረብታና ሸለቆ ይሆናል። እሺ፣ ለልስን ይሁን። ቀሚስ ልትገዛ የመጣችን ልጅ ግን እንደዚያ አድርጎ ማብራት ለምንድን ነው? ማን ነው እሷን ኮርኒስ ላይ ተንጠልጥሎ የሚያያት? ሰርግ ላይ ሰዎች የሚያዩን ፊት ለፊት ቆመው፣ ከዚያም አቅፈው ስመውን ነው።

መስታወቱም የራሱ ጣጣ አለው። ስስ መስታወት ከላይና ከታች ተይዞ መሃሉ ወደፊት ከተቆለመመ ቁመትን ያሳጥራል፣ ስፋቱን ግን እንዳለ ይተወዋል፤ ስለዚህ ሰው አጥሮና ወፍሮ ይታያል። ወደ ውስጥ ከሰመጠ ደግሞ ይመዝዛችኋል። አንድ ሱቅ ውስጥ ሸንቀጥ ብላችሁ፣ እዚያው ሕንፃ ሌላ ፎቅ ላይ ያለ ሱቅ ስትገቡ ድንገት አምስት ኪሎ የጨመራችሁ የሚመስላችሁ በዚህ ነው። አልጨመራችሁም፣ ደረጃ ነው የወጣችሁት።

ከዚህ ሁሉ የሚያበሳጨኝ ግን የአምፖሉ ቀለም ነው። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ይለካል። የድሮው ቢጫ አምፖል 2,700 ገደማ ነበር፤ አሁን የትም የሚሰካው ነጩ ኤልኢዲ 6,500 ይደርሳል፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ብርሃኑ ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካ ሌላ ቁጥር ደግሞ አለ፤ የድሮው ቢጫ አምፖል ወደ 100 ሲጠጋ ብዙዎቹ ርካሽ ኤልኢዲዎች 80 አካባቢ ናቸው፣ ከዚያ የሚወርዱም አሉ። እነዚህ በተለይ ቀይን በደንብ አያወጡም። እስቲ እጃችሁን መስኮት ጋ ወስዳችሁ እዩት፤ የእኛን ቆዳ ሙቀት የሚሰጠው ያ ቀላ ያለ ቡኒነት ነው። እሱ ሲወሰድ አመድማ ነገር ይቀራል። ልጅቷ «ፊቴ ሞቷል» ያለችው እውነቷን ነው፤ የገደለው ግን አምፖሉ ነው።

ሻጯን ለመንናት። ሱቁ ፊት ለፊት፣ ትልቁ መስኮት አጠገብ ሌላ መስታወት ነበራቸው። ሻጯ ራሷ ቀኑን ሙሉ እዚያ ብርሃን ስር የምትውል ወጣት ናት፣ ብዙም ሳንናገር ገብቷት ቀሚሱን መልሳ አመጣችው። አልብሰን መስኮቱ ጋ አቆምናት። መጀመሪያ ዝም አለች። ቀጥላ አንገቷን ቀና አደረገች፣ ቀጥላ ዞር ብላ ጀርባዋን አየች። ሴት ልጅ ዞራ ጀርባዋን ማየት ከጀመረች ቀሚሱ ተሸጧል። ገዛነው።

ሰርግ ካነሳን አይቀር አንድ ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ልናገር። የአንዲት ዘመዳችን ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ሊያስውቧት ወሰዷት፤ ያንን ክብ መብራት ፊቷ ላይ ደቅነው ሰዓታት ሠሩባት። የቀቧት ፋውንዴሽን ከራሷ መልክ በጣም የነጣ ነበር። እኔ «ይሄ የእሷ ቀለም ነው?» ስል «አይዞሽ፣ ፎቶ ላይ ያምራል» አሉኝ። ከዚያ ፎቶ ለመነሳት ፓርክ ሄድን። የቀትር ፀሐይ! ፊቷ ሌላ፣ አንገቷ ሌላ፣ እጇ ሌላ። እናቷ አየቻትና አበባውን እንደያዘች «ልጄን የት አደረሳችኋት?» አለች። ሰው ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ፣ ሙሽራዋ ግን አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ እጇን በአበባው ስትሸፍን ነበር። ልጅቷ ጠይም ናት፤ ሲያዩዋት ልብ የምታሞቅ ጠይም። በሕይወቷ ስንት ጊዜ ሙሽራ ትሆናለች ብለው ነው የራሷን ፊት የነሷት?

ለመሆኑ ፎቶ ላይ «የሚያምረው» የማን መልክ እንደነበር ታውቃላችሁ? በፊልም ዘመን ፎቶ አጣቢዎች ቀለም የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የአንዲት ሴት ፎቶ ነበር። «የሸርሊ ካርድ» ይባላል። ሴቲቱ ነጭ ናት፤ በኋላ ስሟና መልኳ ቢቀያየርም ለአሥርታት ካርዱ ላይ የምትቆመው ነጭ ሴት ነበረች። የእሷ ቆዳ በትክክል ከወጣ ፎቶው ትክክል ነው ይባል ነበር። ኮዳክ ጥቁርና ቡኒን በደንብ የሚያወጣ ፊልም ወደ መሥራት ካመራባቸው ምክንያቶች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታቸው በፎቶ አላምር ብሎ ማማረራቸው ነው። ቸኮሌት! የቁም ሣጥን! የተለያየ መልክ ያላቸው ሴቶች አንድ ካርድ ላይ አብረው የወጡት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ የድሮ አልበማችሁን ስትገልጡ እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁ ጠቋቁረው፣ ፊታቸው ጠፍቶ ጥርሳቸው ብቻ ቢታይ ጥፋቱ የእነሱ መልክ አይደለም። ይህን ሳላውቅ ማደጌ ያናድደኛል፤ እናቴ ፎቶ ስትሸሽ ነው ያረጀችው።

በዚህ ላይ ሰላምታችንን ጨምሩበት። «ምነው ጠቆርሽ?» «ምነው ከሳሽ?» «ኧረ ወፍረሻል!» ገና ደህና ዋልሽ ሳይባል። ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እትዬዎቻችን ከሳሽ ሲሉ «አሳሰብሽኝ» ማለታቸው ነው። የእህቴ ልጅ ግን እነዚህን ሁሉ ተሸክማ ነው ያቺ መጋረጃ ውስጥ የገባችው። አምፖሉ የሚያበራው የዓመታት አስተያየት ላይ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቀሚስ አለመግዛት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ውስጥ ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። ተማሪዎችን አንድ በአንድ መስታወት ያለበት ክፍል አስገብተው፣ ገሚሱን የዋና ልብስ፣ ገሚሱን ሹራብ አስለበሷቸው፤ ልብሱን እንደለበሱ የሒሳብ ጥያቄ ሰጧቸው። ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸው ማንም አልነበረም። የዋና ልብስ የለበሱት ሴቶች ሹራብ ከለበሱት ያነሰ ውጤት አመጡ፤ ወንዶቹ ላይ እንዲህ ዓይነት ልዩነት አልታየም። የሴቶቹ አእምሮ ግማሹ ሒሳቡ ላይ፣ ግማሹ ጭናቸው ላይ የነበረ ይመስላል። ብቻቸውን ቆመው! አሁን የፈተና ሳምንት ስንት ልጅ በዚህ ሐሳብ ተይዛ እንደምትቀመጥ አስቡ።

እና የሱቅ ባለቤቶች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ እለምናችኋለሁ። የአናቱን አምፖል አጥፉትና መስታወቱ ግራና ቀኝ፣ በፊት ቁመት ልክ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያላቸው ሁለት አምፖሎች ስቀሉ። መስታወቱን ግድግዳው ላይ በደንብ አጥብቃችሁ እንዳይቆለመም አድርጉ። ከአንድ ቀሚስ ዋጋ በታች ያልቃል፣ ሽያጫችሁም ሊጨምር ይችላል። የውበት ሳሎን ያላችሁ ደግሞ ሙሽራዋን ከማስወጣታችሁ በፊት መስኮት ጋ ወስዳችሁ እዩዋት፣ አንገቷንም ጭምር።

እናንተ እህቶቼ፣ ልጆቼ፦ ልብሱን ይዛችሁ ወደ በሩ ውጡ። ሻጯ ብትቆጣም ውጡ።