ወረንጦና ስቴም ሴል

ዛሬ መናኸሪያ ነን። ከሆሳዕና ወደ አዲስ አበባ የሚወጣ አውቶቡስ «ሁለት ሰው ብቻ የቀረው!» ከተባለለት በኋላ ስንት ሰዓት እንደሚቆም የተሳፈረ ያውቀዋል። ረዳቱ ከተራ አስከባሪው ጋር ይጨቃጨቃል፣ የዱራሜና የሾኔ ሚኒባሶች ጥሩምባቸውን ይነፋሉ፣ እኛ ደግሞ በተቀመጥንበት ገበያው ይመጣልናል። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ የፀሐይ መነጽር፣ ቻርጀር፣ የጉልበት ቅባት። በቅርቡ ግን ያልለመድነው ሸቀጥ ገባ። ሸሚዙን በወጉ ሱሪው ውስጥ የከተተ ወጣት ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ቆሞ «ስቴም ሴል» መሸጥ ጀመረ። በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ ዱቄት ነው። ለስኳር ይሆናል፣ ለግፊት ይሆናል፣ ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለዓይን። የማያድነው በሽታ ያለ አይመስልም።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ዓይናቸው ቀልቶ ያነባል። ከመቀነታቸው ጫፍ የቋጠሩትን ወረንጦ ፈትተው፣ ያለ መስታወት፣ በጣታቸው ብቻ እየዳሰሱ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት ይነቅላሉ። ሥራው የኖሩበት መሆኑን እጃቸው ይናገራል። ነቅለው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ለዓይን ያለው እውነት ነው?»

«ዱቄቱ ውሸት ነው፣ እማማ። ስቴም ሴል የሚባለው ነገር ግን እውነት ነው።»

«እውነቱ ካለ ታዲያ ለምን ውሸቱን ያመጡልናል?»

መልሱ አጭር አይደለም። አውቶቡሱም ገና ነው፤ እስኪ እንጫወት።

የዓይናችንን ጥቁር ክፍል ከፊት የሚሸፍነው ጥርት ያለ ነገር ኮርኒያ ይባላል። የላይኛው ቆዳው በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ይረግፍና በአዲስ ይተካል። አዲሱ ከየት ይመጣል? ጥቁሩና ነጩ ከሚገናኙበት ጠርዝ ነው። እዚያ ዙሪያውን፣ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር ያህል በሆነ ቀለበት ውስጥ፣ ስቴም ሴሎች ተቀምጠዋል። ሥራቸው እንደ ራሳቸው ያለውን ማስቀረትና የቀረውን ወደ መሐል መላክ ነው። ሐድያና ከምባታ ውስጥ እንሰት የሚያባዛ ሰው ይህን ለመረዳት መምህር አያሻውም። አሚቾ የሚባለውን የእንሰቱን ግንደ ሥር ቆፍሮ ያወጣል፣ የመሐሉን ቡቃያ ፈንቅሎ ይጥላል፣ ከፋፍሎም ሆነ እንዳለ ከፍግ ጋር ይቀብረዋል፤ ከዚያ ከጠርዙ ብዙ ችግኝ ይፈላል። ጠርዙ የተበላሸ አሚቾ ግን ፍግ ቢደራረብበትም አያበቅልም።

የዓይኑ ጠርዝም እንዲሁ ነው። ኖራ፣ አሲድ ወይም ሌላ የሚያቃጥል ነገር ቀለበቱን ከገደለው፣ የነጩ ክፍል ሽፋን ከነደም ሥሩ ጥቁሩን ይወርሰዋል፤ ዓይኑ ይነጣል። እዚህ ላይ የሞተ ሰው ኮርኒያ አምጥቶ መትከል ብቻውን አይበቃም። የመጣው ቆዳ እንደ ልማዱ ይረግፋል፣ የሚተካው የለም፣ ዓይኑ ተመልሶ ይነጣል።

ጣሊያናውያኑ ግራዚዬላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ደ ሉካ መላ የፈለጉት ለዚህ ነው። ከደህናው ዓይን ጠርዝ እንደ ጤፍ ፍሬ ያለች ቁራጭ ይወስዳሉ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ያሳድጓታል፣ በተጎዳው ዓይን ላይ ይተክሏታል። እ.ኤ.አ. በ1997 በሁለት ሰዎች ላይ ያገኙትን ውጤት አሳተሙ። በ2010 ደግሞ የ112 ሕሙማንን ውጤት ይዘው ቀረቡ፤ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ተሳክቶላቸዋል። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ሕክምናውን ሆሎክላር በሚል ስም ፈቀደው። በኅብረቱ ውስጥ ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው የስቴም ሴል መድኃኒት እርሱ ነው።

ጃፓኖች ከዚህም ርቀው ሄደዋል። ሺንያ ያማናካ የጎለመሰን ተራ ሴል ወደ መጀመሪያው፣ ሁሉን መሆን ወደሚችልበት ሁኔታ መመለስ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2006 በአይጥ፣ በ2007 በሰው ሴል አሳየ፤ በ2012 ከጆን ገርደን ጋር ኖቤል ተሸለመ። የኦሳካው ኮጂ ኒሺዳ ከእነዚህ ሴሎች የኮርኒያ ቆዳ አብቅሎ ለአራት ሰዎች ተከለ። ውጤቱ በ2024 ሲወጣ በሦስቱ ላይ የታየው መሻሻል ጸንቶ ተገኝቷል። ግሩም ነው። ግን አራት ሰው ነው፤ አራት ሰው አይቶ ዱቄት ይዞ አውቶቡስ የሚገባ ሳይንቲስት የለም።

እኔን ከሁሉም ይልቅ የገረመኝ የሕንዱ ነው። በሃይደራባድ ኤል ቪ ፕራሳድ የዓይን ተቋም የነበረው ቪሬንደር ሳንግዋን ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 ያለ ላቦራቶሪ የሚሠራበትን መንገድ አስተዋወቀ። ከደህናው ዓይን ጠርዝ ሁለት ሚሊሜትር በሁለት የምታህል ቁራጭ ይቆርጣል፣ ስምንት ዐሥር አድርጎ ይከፋፍላታል፣ ከእንግዴ ልጅ የተወሰደ ስስ ሽፋን በተጎዳው ዓይን ላይ አንጥፎ በየቦታው ይተክላታል። ሴሉ እዚያው ዓይኑ ላይ ይፋፋል። በአንድ ቀዶ ሕክምና አለቀ። የአሚቾው ጨዋታ ሳይቀር እዚህ አለ። ለእኛ አገር የሚሆን የስቴም ሴል ሕክምና ካለ ከኦሳካ ሳይሆን ከሃይደራባድ ይመጣል ባይ ነኝ።

አሁን ወደ እማማ እንመለስ፤ ጥያቄያቸው አልተመለሰምና። የእርሳቸው በሽታ ትራኮማ ነው፤ ማዝ የምንለው። በልጅነት በዝንብ፣ በእጅና በጨርቅ እየተላለፈ የዓይንን ቆብ ከውስጥ ደጋግሞ ያቆስላል። ቁስሉ ሲጠግግ ቆቡን ይጎትተዋል፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፣ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያውን ይፍቀዋል። በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናት 40 በመቶ ያህሉ ላይ ንቁ ትራኮማ ተገኝቶ ነበር። ከዓይነ ስውራኑም ከመቶ ዐሥራ አንድ የሚሆኑት ብርሃናቸውን ያጡት በዚሁ ጠባሳ ነበር።

የሃይደራባዱ ዘዴ አንድ ደህና ዓይን ይፈልጋል፤ ማዝ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ነው የሚይዘው። ደህና ጠርዝ ቢገኝ እንኳ ቆቡ እንደተቀለበሰ፣ ዓይኑ እንደደረቀ ከሆነ የተተከለውን ያው ሽፋሽፍት ይፍቀዋል። ስለዚህ ለእማማ የሚቀድመው የቆቡ ቀዶ ሕክምና ነው። የሠለጠነ የጤና ባለሙያ ጤና ጣቢያ ውስጥ ይሠራዋል፣ ለአንድ ቆብ ከግማሽ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ በዘመቻ ሲመጣም ክፍያ የለውም። ይህን ስነግራቸው «ቢላዋ ነው?» ብለው ወረንጦውን ጨበጥ አደረጉ። ፍርሃቱን አልፈርድበትም። ወረንጦው ግን ለጥቂት ሳምንት ነው የሚያስታግሰው፤ ሽፋሽፍቱ ሲመለስ አጭርና ሸካራ ሆኖ ይወጋል።

ጠባሳው ኮርኒያውን ጋርዶት ጠርዙ ግን ከተረፈ፣ ከለጋሽ የሚገኝ ኮርኒያ ይረዳል። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው በ1995 ዓ.ም. ነው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል ገብተው ለሌላው አርአያ ሆነዋል። ስለ ስቴም ሴል ስናወራ ይህን የቆየ፣ የተፈተነ ሕክምና ብንዘልለው ነውር ነው።

ዱቄቱንማ ሆድ ይፈጨዋል፤ የተበላ ሥጋ ሥጋ ሆኖ ዓይን ጋ እንደማይደርስ ሁሉ የተጠጣ ሴልም አይደርስም። ገንዘብ ግን ይበላል። መርፌ ሲሆን ነው ይበልጥ የሚያስፈራው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ የሕክምና ዘገባ የሦስት አሜሪካውያን ሴቶችን ታሪክ ይዟል። ፍሎሪዳ ውስጥ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው፣ ከራሳቸው ስብ ወጣ የተባለውን «ስቴም ሴል» በሁለቱም ዓይናቸው ተወጉ። ከመወጋታቸው በፊት ደካማም ቢሆን ያዩ ነበር። በሳምንት ውስጥ የነበራቸውንም ብርሃን በአብዛኛው አጡ። አሜሪካ ከሆነ ይታመናል ለሚል ሰው ይህን ንገሩልኝ።

ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ነው፤ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሆሳዕና ከደቡብ አፍሪካ በሚላክ ገንዘብ ፎቅ እየበቀለባት ያለች ከተማ ናት፤ ሲሚንቶና ኖራ የሚያቦኩ ልጆች በየመንገዱ ዳር አሉ። ሁለቱም ያንን የዓይን ቀለበት ይገድላሉ፤ የባትሪ አሲድም እንዲሁ። ዓይን ውስጥ ከገባ መኪና አትፈልጉ፣ ቅቤም ወተትም አትጨምሩ። እዚያው ቆብ ገልጣችሁ በንጹህ ውሃ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት እጠቡት። ወደ ከተማዋ ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል የምትሮጡት ከዚያ በኋላ ነው።