ከአሮጌ ወራጅ የተሠራ ደረጃ

በአሜሪካ አገር በአትላንታ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ጆርጅያ ቴክ ትምህርት ቤት በሄድን ጊዜ፥ ኬንዴዳ የሚባለውን ሕንፃ ለማየት ዕድል አገኘን። ይህ ቤት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. የተከፈተ፥ በ2021 ዓ.ም.ም ‹ሊቪንግ ቢልዲንግ› የተባለውን የአረንጓዴ ሕንፃ የምስክር ወረቀት የተቀበለ ነው። ከውጭ ሲያዩት ፍጹም አዲስ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግን ብዙ አሮጌ ነገር ይገኝበታል።

በደረጃው ስንወጣ እግራችን የረገጠው እንጨት፥ ቴክ ታወር ከሚባለው በ1888 ከተሠራው የዚያው ትምህርት ቤት ሕንፃ የወጣ የጥድ ወራጅ መሆኑን ሰማን። የመታጠቢያ ቤቱን ግድግዳ የለበሰው ጠፍጣፋ ድንጋይም ቀድሞ የሌላ ቤት ጣራ ክዳን ነበር። ቀና ብለን ያየነው ጣሪያ ደግሞ አዲስና አሮጌ ሞራሌ እየተፈራረቀ በምስማር ተያይዞ የተሠራ ነው፤ አሮጌውም ሲኒማ ሠሪዎች ለጥቂት ቀን ሠርተው ካፈረሷቸው የማስመሰያ ቤቶች የተሰበሰበ ነው። ይህ ሞራሌ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠል 25 ሺህ ጫማ፥ ማለት ከ7 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ይሆናል።

እኛ ኑሯችን በመዝገብ ላይ ስለ ሆነ፥ ከእንጨቱ ይልቅ ቍጠራው አስደነቀን። ቤቱ በተመዘነበት ደንብ ለየ500 ካሬ ሜትሩ ቢያንስ አንድ ዓይነት ከሌላ ሥራ የተረፈ ዕቃ ሊገባ ይገባል፤ ስለዚህ 4 ሺህ ካሬ ሜትር ለሆነ ቤት 8 ዓይነት ይፈለጋል ማለት ነው።

ሊድ የሚባለው ሌላው ደንብ ግን በዋጋ ይቈጥራል። በ2009 በወጣው ሥርዐት እንደ ነበረው ተጠርቦ ዳግመኛ ሥራ ላይ የዋለ ዕቃ፥ ከዕቃው ሁሉ ዋጋ ከመቶ 5 እጅ ቢሆን አንድ ነጥብ፥ 10 እጅ ቢሆን ሁለት ነጥብ ያሰጥ ነበር። ቀልጦ ወይም ተፈጭቶ እንደ ገና የተሠራው ግን ለብቻው ይታሰባል፤ ሰው ተገልግሎበት ከጣለው የመጣው በሙሉ፥ ከፋብሪካ ትርፍራፊ የመጣው በግማሽ ይቈጠራል። ለምሳሌ 1 ሺህ ብር የተገዛ ብረት 60 እጁ ከተጣለ ብረት፥ 20 እጁ ከፋብሪካ ትርፍራፊ ቢሆን፥ 600ና 100 ተደምሮ 700 ብር ይያዝለታል። እዚያው ፋብሪካ ተመልሶ ወደዚያው ሥራ የሚገባው ቍርጥራጭ ግን ከቶ አይታሰብም፤ ባለቤቱ ቀድሞውንም አይጥለውምና። ለዚህም ሁሉ የሻጩ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ደብዳቤ የሌለው ዕቃ ምስክር እንደሌለው ክስ ነው።

የተከበራችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ አሮጌን ማዋል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቆራሌው በየደጃችን እየጮኸ ያልፋል፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራም በርሜሉ ምድጃ ሲሆን፥ ጎማው በረባሶ ሲሆን እናያለን። የሚጐድለን መጻፍ ነው፤ ያልተጻፈ ቍጠባ ደግሞ ዋጋው አይታወቅም፥ ዋጋው ያልታወቀም በቀላሉ ይጣላል።

ይህን የምንናገረው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። እኛ ራሳችን አዲስ ቤት ለመሥራት የአባታችንን ቤት ባፈረስን ጊዜ፥ ምስጥ ያልደፈራቸውን የጥድ ምሰሶዎች ለማገዶ ሰጠን። እናታችን «ልጆቼ፥ ይህን እኮ አባታችሁ በትከሻው ያመጣው ነው» ብትለን፥ አሮጌ ነው ብለን ዝም አሰኘናት። በአትላንታ በዚያ ደረጃ ላይ ቆመን እጃችንን በእንጨቱ ላይ ስናሳርፍ፥ የእናታችን ቃል ትዝ ብሎን አፈርን።

ስለዚህ ቤት ለማፍረስ ያሰበ ሁሉ፥ መጥረቢያ ከማንሣቱ በፊት ብዕር ያንሣ። በሩን፥ መስኮቱን፥ ወራጁን፥ የመሠረቱን ድንጋይ በቍጥርና በልክ ይጻፍ፤ ከጻፈም በኋላ ለልጆቹ ያንብብላቸው። ያን ጊዜ የሚጣለውና የሚቀረው ራሱ ይለያል።