የሞላኸው ውሃ የት ሄደ?

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በምግብ ነው። ዛሬ ግን ስለ ወጥ አላወራም፤ ስለ ውሃ ማሞቂያ ነው። የቧንቧ ሠራተኛ አይደለሁም። የምነግራችሁ የራሴን ጥፋት ነው፤ ጥፋትም ተነግሮ ሌላውን ካዳነ ደግ ነው።

የምንኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ቤቱን ስንገዛ ጣሪያው ላይ ሁለት ጥቁር ሰሌዳዎች ነበሩበት። ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ መስለውኝ ነበር፤ ውሃ የሚያሞቁ መሆናቸውን የተረዳሁት ኋላ ነው። ደስ አለኝ። ይህ አገር ክረምቱ ቢከፋም ፀሐዩ እንደ አዲስ አበባ ፀሐይ አናት የሚበሳ ነው። የጋዝ ቢላችንም ቀለል አለልን።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገራችሁ። የምንታጠብበት ውሃ ጣሪያ ላይ አይወጣም፤ ቢወጣ በብርድ ጊዜ በረዶ ሆኖ ቧንቧውን ያፈነዳዋል። በሱ ፋንታ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል በረዶ መከላከያ ከውሃ ጋር ተደባልቆ በዝግ ቧንቧ ውስጥ ይዞራል። ፓምፕ ይገፋዋል፣ ጣሪያ ላይ ይሞቃል፣ ወደ ቤዝመንት ወርዶ ሙቀቱን ለቤቱ ውሃ ያስረክብና ተመልሶ ይወጣል። ሁለቱ ፈሳሾች አይገናኙም። በዚህ ዝግ መስመር ላይ ግፊቱን የሚያሳይ ጌጅ አለ። የኛ ቤቱ ማለዳ ቀዝቅዞ ሳለ 20 ፒኤስአይ አካባቢ ማሳየት አለበት።

ባለፈው ዓመት ጁን ላይ አንድ ጠዋት ሳየው 5 ላይ ወርዷል። ፓምፑም እንደ ጀበና ይንተከተካል። ምን አደረግሁ? የአትክልት ማጠጫውን ጎማ ከመሙያው ጋር አገናኝቼ ውሃ ሞላሁበት። 20 ሆነ። በራሴ ኮርቼ ወደ ሥራ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ወረደ። ደግሞ ሞላሁ። የቧንቧውን መገጣጠሚያ ሁሉ በሶፍት ጠረግሁ፤ ደረቅ ነው። ባለቤቴ “ሰውዬ፣ ባለሙያ ጥራ” ትላለች። እኔ “ለዚች ለዚች?” እላለሁ። አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ደግሞ ከመኪናው ኋላ አንቲፍሪዝ አውጥቶ “ይኸው፣ ይህን ጨምርበት” አለኝ። እግዜር ይስጠው፣ በደግነት ነው። እንኳንም አልጨመርኩት! የመኪና አንቲፍሪዝ አብዛኛውን ጊዜ ኢትሊን ግላይኮል ነው፤ መርዝ ነው። ሁለቱን ፈሳሾች የሚለየው ግድግዳ አንድ ቀን ቢሸነቆር የልጆቻችን ውሃ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን በምንም ምክንያት እንዳታደርጉት።

በመጨረሻ የ14 ዓመቱ ልጄ “አባዬ፣ ስድስት ጊዜ ሞላህ። የሞላኸው ውሃ የት ሄደ?” አለኝ።

“ተወኝ እስቲ፣ አንተ ልጅ ምን ታውቃለህ” አልኩት።

ትምህርት ቤት ዝግ ስለነበር ልጁ ቤት ይውላል። እኔ ጌጁን የማየው ጠዋት ብቻ ነው፤ ቀን ምግብ ቤት ነኝ። እሱ በማግስቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። 75 ይላል። ስልኬን እንደያዝኩ ማዕድ ቤቱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ጠዋት የጎደለ ነገር ቀን እንዴት ይተርፋል? ደወልኩና “ከዚያ ራቅ፣ እኔ እስክመጣ ወደ ቤዝመንት እንዳትወርድ” አልኩት።

ማታ ስገባ ባልዲ አሳየኝ። ጠዋት ከምግብ ቤት ያመጣሁትን ባዶ የበርበሬ ባልዲ ከማስተንፈሻው ቫልቭ ቱቦ ሥር አስቀምጦት ኖሯል። ያ ቱቦ የሚያፈሰው በቀጥታ ወደ ወለሉ ፍሳሽ ጉድጓድ ስለሆነ አንድ ጠብታ እንኳ አይተን አናውቅም ነበር። ባልዲው ግማሽ ድረስ ሞልቷል።

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሊጥ ስታቦኩ ቡሃቃውን እስከ አፉ አትሞሉትም፤ ኩፍ ሲል የሚነሳበት ቦታ ትተዉለታላችሁ። ፈሳሽም ሲሞቅ ያብጣል። የፀሐይ ማሞቂያው ይህን ቦታ የሚያገኘው ከቧንቧው ጎን ካለች አነስተኛ ጋን ነው፤ ማስፋፊያ ታንክ ትባላለች። ውስጧ ላስቲክ አለ፤ በአንድ ወገን ፈሳሽ፣ በሌላው ወገን አየር። ፈሳሹ ሲያብጥ አየሩን ይጫነዋል፤ ሲበርድ አየሩ መልሶ ይገፋዋል። ላስቲኩ ከተቀደደ ግን ፈሳሹ መሄጃ ያጣል። ግፊቱ ሽቅብ ይወጣል፣ ማስተንፈሻው ይከፈትና ያፈሳል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ የፈሰሰው ስለማይመለስ ጌጁ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ማለዳ ተነስቼ እሞላዋለሁ! ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም አንድ በሽታ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ፣ ሁሉም ቀዝቅዞ ሳለ፣ ታንኳ ላይ ያለችውን እንደ መኪና ጎማ መንፊያ ያለች ቫልቭ ክዳን ከፍተን መርፌዋን ነካ አደረግናት። አየር መውጣት ሲገባው ፈሳሽ ወጣ። ላስቲኩ ተቀዷል ማለት ነው።

ያን ጊዜ ባለሙያ ጠራሁ። ሰውዬው ታንኳን ከመቀየሩ በፊት ከቧንቧው ትንሽ ቀድቶ በመሣሪያ ለካው። ግማሽ በግማሽ የሆነ ድብልቅ ከዜሮ በታች እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይችላል። የኛው ስድስት ጊዜ በውሃ ቀጥኖ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ላይ መርጋት የሚጀምር ሆኗል። እዚህ ክረምት ከዜሮ በታች 20 የሚደርስበት ሌሊት አለ። “በመጀመሪያው ክፉ ብርድ ጣሪያችሁ ላይ ይፈነዳ ነበር” አለኝ። ታንኳ ብዙም አልተወደደችም። ኪሴን የጎዳው መስመሩን አጥቦ በአዲስ ግላይኮል መሙላቱ ነው፤ እሱም የጎማዬ ውጤት ነው።

እንግዲህ እናንተም ይህ ማሞቂያ ካላችሁ ይህችን ያዙ። ጌጁን በቀን ሁለቴ፣ ማለዳና ከቀትር በኋላ፣ አንብባችሁ ለሳምንት ጻፉ። ሲሞቅ ጥቂት ከፍ፣ ሲበርድ ጥቂት ዝቅ ማለቱ ጤና ነው። አዲስ የተሞላ መስመርም አየሩ እስኪወጣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይወርዳል።

ማለዳም ቀንም ዝቅ ካለ የሚያፈስ ቦታ ፈልጉ። ግላይኮል ሲደርቅ የሚያጣብቅ ምልክት ይተዋል፤ የመዳብ መገጣጠሚያም አረንጓዴ ይሆናል። ቀን ሰማይ፣ ማለዳ ምድር ከሆነ ታንኳን ጠርጥሩ። ቀንም ሌሊትም ከፍ ብሎ ከቤቱ የቧንቧ ውሃ ግፊት ጋር እኩል ከሆነ፣ ወይ መሙያው በደንብ አልተዘጋም፣ ወይ ሁለቱን ፈሳሾች የሚለየው ግድግዳ ተሸንቁሯል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ባለሙያ ጥሩ። ጌጁ ደህና ሆኖ ሻወሩ ብቻ ከደከመ ደግሞ ጣሪያውን አትውቀሱት፤ የሻወሩን ራስ ወይም ሙቅና ቀዝቃዛ የሚያደባልቀውን ቫልቭ የውሃ ጨው ደፍኖት ሊሆን ይችላል።

ፀሐይ ላይ ሳለ መስመሩን አትክፈቱ፤ ውስጡ ያለው ከፈላ ውሃ ሊብስ ይችላል። ማስተንፈሻው አስቸገረን ብላችሁም እንዳትደፍኑት፤ ቤታችሁን ከፍንዳታ የሚጠብቀው እሱ ነው። በበጋ አገር ቤት ለሳምንታት የምትሄዱ ከሆነ ሙቅ ውሃውን የሚጠቀም ስለማይኖር ሰሌዳዎቹን ሸፍኗቸው፤ ካልሆነ ግላይኮሉ ከልክ በላይ እየሞቀ ይበላሻል። ጠቁሮና ሸትቶ ካገኛችሁት አስቀይሩት።

ልጄን ይቅርታ ጠየቅሁት። “ምን ታውቃለህ” ያልኩት ልጅ ከእኔ የተሻለ ጥያቄ ጠይቆ ነበር። አሁን ጌጁ አጠገብ በክር የታሰረች ደብተር ተሰቅላለች። የማለዳውን እኔ እጽፋለሁ፣ የከሰዓቱን እሱ። አንዳንድ ቀን እረሳለሁ፤ እሱ ግን በእኔ ረድፍ ላይ በቀይ እስክሪብቶ “አባዬ፣ የት ሄድክ?” ብሎ ይጽፍልኛል።