ከተጂ እስከ ሙሻ ደሴት

ውጭ ሀገር ደርሶ የተመለሰ ሰው በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ምን ይዞ እንደ መጣ ነው እንጂ ምን አይቶ እንደ መጣ አይደለም። ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ እኔ ይዤው የመጣሁት ነገር ስለሌለ ያየሁትን ልንገርህ። በ2011 ዓ.ም. የገና ሰሞን ከባለቤቴ፣ ከትልቋ ልጄና አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላው የልጅ ልጄ ጋራ ጅቡቲ ሄደን አንድ ሳምንት ቆየን። ለጡረተኛ መምህር ቀላል ወጪ አልነበረም፤ ከሁለት ዓመት የጤፍ ሽያጭ የተጠራቀመ ገንዘብ ነው። ጎረቤቶቻችን «በዚህ ገንዘብ ጣራችሁን አትቀይሩም?» አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ጣራው ዛሬም ያፈስሳል።

ለጉዞው ግን ሌላ ምክንያት ነበረው። የልጅ ልጄ የ10ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አልመጣለትም፤ ከዚያም ወዲህ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ መዋል ጀመረ። እናቱ አንድ ቀን ደብተሩን ስታነሣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የደላላ ስልክ ቁጥር አገኘች። ከተጂ ልጆች በዚያ መንገድ ወደ ሳዑዲ የሄዱ አሉ፤ ድምፃቸው የተሰማም አለ፣ ያልተሰማም አለ። እናቱ አለቀሰች፣ ባለቤቴ ልትገሥጸው ተነሣች። እኔ ወደ አርባ ዓመት ሳስተምር በምክር ብዛት ከሐሳቡ የተመለሰ ወጣት አላየሁምና «ተዉት፤ ይልቅስ ባሕሩን እናሳየው» አልሁ። ለእርሱ ግን ሽርሽር ነው ብለን ብቻ ነገርነው፤ ሽርሽርም ነበር።

መነሻው ለእኛ ሩቅ አይደለም። አዲሱ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጎረቤታችን ከሰበታ ተነሥቶ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ ጅቡቲ ይደርሳል። የተመረቀውም መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ተሳፋሪ የሚሳፈረው ግን ለቡ ካለው ጣቢያ ነው። የቀድሞው ባቡር ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ፣ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ፤ ሃያ ዓመት መፍጀቱ ነው። እኛ ግን ጎሕ ሲቀድ ተሳፍረን ማታ ባሕር ጠረፍ ደረስን።

አዋሽን ስንሻገር የልጅ ልጄን ቀሰቀስሁት። ይህ ወንዝ የእኛው ወንዝ ነው፤ ከጊንጪ አካባቢ ይነሣና የበቾን ሜዳ ያቋርጣል፣ በክረምትም ማሳችንን ያጥለቀልቃል፤ ውኃው ሲሸሽ ሽምብራና ጓያ የምንዘራው በእርሱ ርጥበት ነው። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል፤ ባሕር አይደርስም። ይህን ስነግረው በመስኮት ቁልቁል አየና «አባባ፣ እንግዲያስ እኛ ልንቀድመው ነው» አለኝ። ከወራት በኋላ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ትንሽ ናት፤ ሙቀቷ ግን ትንሽ አይደለም። በጥርም ቢሆን ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰውም ጥላ ይፈልጋል። በነጭ ቅስት ቤቶች የተከበበውን አደባባይ ሕዝቡ እስከ ዛሬ በምኒልክ ስም ይጠራዋል። የገረመኝ ግን ሕንፃው አይደለም። በገበያው ያለው ጫትና አትክልት አብዛኛው ከሀገራችን የሚመጣ ነው፤ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም ከሱማሌ ክልል፣ ከሐደጋላ፣ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ይሄድላቸዋል። የእኛም የገቢና የወጪ ንግድ ከአሥር እጅ ዘጠኙ በላይ በእነርሱ ወደብ ያልፋል። በካርታ ላይ መስመር አሥምሬ ሁለት ሀገር ናቸው እያልሁ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ሁለት ሀገር መሆናቸውም እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው ምሳውን አይበላም።

በዚያው አደባባይ አጠገብ መኪና የሚያጥብ ልጅ አማርኛችንን ሰምቶ ቀረበን። የወሎ ልጅ ነው። በእግሩ በረሃ አቋርጦ የመጣው ወደ የመን ሊሻገር ነበር፤ ለጀልባ የሚከፍለው አልቆበት ሦስት ዓመት እዚያው ቀረ። «ገንዘቡ ሲሞላልኝ እሻገራለሁ» ይላል፤ ሞልቶ አያውቅም። ለምን ወደ ቤትህ አትመለስም ብዬ ልጠይቀው አሰብሁና ተውሁት። ባዶ እጅ ወደ እናት ቤት መግባት ምን ያህል እንደሚከብድ እኔ አላውቅም፤ እርሱ ያውቀዋል። የልጅ ልጄ ሻይ ልጋብዘው ብሎ ወሰደው፤ ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ። ምን እንደ ተነጋገሩ አልሰማሁም፤ አልጠየቅሁምም። ማታ ራት አልበላም።

በማግሥቱ በጀልባ ሙሻ ወደምትባለው ደሴት ተሻገርን፤ ጉዞው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዝቅ ያለች፣ ከባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራች የድንጋይ ምድር ናት፤ በዳርቻዋ ሥሩን በጨው ውኃ ውስጥ የሰደደ ቁጥቋጦ ቆሟል። ባለቤቴ ስልሳ ዓመት ሲነገር የሰማችውን ለማረጋገጥ ውኃውን ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች፤ ሁላችንም ሣቅን። ያን ያህል የሣቅንበት ቀን በቤታችን ታሪክ ጥቂት ነው።

ይህች ደሴት ታሪክ አላት። እ.ኤ.አ. በ1840 የታጁራው ሱልጣን ለእንግሊዞች በአሥር ከረጢት ሩዝ እንደ ሸጧት ተጽፎ ይገኛል፤ ኋላም ለፈረንሳይ ተላለፈች። ይህን ስናገር የልጅ ልጄ አሸዋ በእጁ እያፈሰሰ «ሩዙ ስንት ቀን በላቸው?» አለኝ። መጽሐፍ ላይ አላነበብሁትም አልሁት።

ጀልባ ነጂው ከእኛ የከባድ መኪና ሾፌሮች አማርኛ የለመደ ሽማግሌ ነው። በእጁ ወደ ሰሜን እያመለከተ «ያ ኦቦክ ነው፤ ልጆቻችሁ ከዚያ ዳርቻ ነው የሚነሡት፤ በሌሊት» አለ። ከዚያ በላይ ያለው ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከተጂ ሰበታ ከመሄድ እጅግም አይበልጥም። ስሙም በዐረብኛ የልቅሶ በር ማለት ነው። የልጅ ልጄ ሽማግሌውን ስለ ማዕበሉ፣ ስለ ጀልባው ስፋት፣ ስንት ሰው እንደሚጭኑ ደጋግሞ ጠየቀው። እናቱ ፊቷን አዞረች።

ወደ ቤታችን ከተመለስን ብዙም ሳይቆይ፣ ጥር 21 ቀን፣ ጎዶርያ በተባለው የኦቦክ ዳርቻ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ስደተኞች ሞቱ። ወሬውን በራድዮ የሰማነው ቡና ላይ ነው። የልጅ ልጄ ስኒውን አስቀምጦ «ለዚያ ልጅ ገንዘቡ ሞልቶለት ይሆን እንዴ?» አለ። መልስ የሰጠው የለም። እርሱም የልጁን ሙሉ ስም አልጠየቀውም ነበር።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሰበታ ብየዳ ይሠራል፤ ደመወዙ ብዙ አይደለም፣ ያማርራልም። ያ ስልክ ቁጥር አሁንም ደብተሩ ውስጥ ይኑር አይኑር አላየሁም። የጅቡቲ ስም በራድዮ ሲነሣ ግን የጀመረውን አቁሞ ያዳምጣል።