መጀመሪያ ወንበሩ

እሑድ፣ ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሰማዩ ጠርቷል፤ ሰው ሁሉ ውጭ ነው። እኔ መጋረጃዬን ዘግቼ ስክሪን ላይ ያለውን የቦሌ አየር ማረፊያ አያለሁ። የእህቴ ልጅ ትናንት ኤክስ ፕሌን 12 የተባለውን የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ሲያስተካክልልኝ የእይታውን ስፋት 75 ዲግሪ አድርጎት ሄዷል። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። በ75 ዲግሪ ከሴስና 172 ኮክፒት ብዙው ይታያል፤ ጌጆቹ ሳይቀሩ። መንደርደሪያው ግን ሩቅ ማዶ የተጣለ ክር አክሎ ይቀራል።

ሜትር አምጥቼ ለካሁ። ሞኒተሬ ባለ 24 ኢንች ነው፤ ወርዱ 53 ሳንቲ ሜትር፣ ከዓይኔ ያለው ርቀት 60። በዚህ ልክ የተቀደደ መስኮት ቢኖረኝ ከውጭው ዓለም የሚታየኝ 48 ዲግሪ ገደማ ነው። 75ቱ እውነት እንዲሆን ፊቴን ከስክሪኑ 35 ሳንቲ ሜትር ድረስ ማስጠጋት ሊኖርብኝ ነው። ባለሁበት ተቀምጬ ልየው ካልኩ ግን ፊት ለፊት ያለው ነገር ሁሉ አንሶ የልኩን 58 በመቶ ያህል ብቻ ያክላል፤ አንድ ኪሎ ሜትር የቀረው መንደርደሪያ 1.7 ኪሎ ሜትር የቀረው ይመስላል። እንዲህ እያዩ አፍንጫ ቀና የሚደረግበትን ቅጽበት መገመት ዘበት ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

48 ላይ አደረግሁት። መንደርደሪያው ልኩን አገኘ፤ ጌጆቹ ግን ከስክሪኑ ሥር ወረዱ። ወርዱ 48 ሲሆን ቁመቱ 28 ዲግሪ ብቻ ነውና ወይ ውጭውን ወይ ፍጥነት መለኪያውን መምረጥ ግድ ይላል።

ሌላም ነገር አለ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነው ያለው፤ አየሩ ስስ ነው። መለኪያው 65 ኖት ሲል፣ ሙቀቱ 20 ዲግሪ በሆነ ቀን አውሮፕላኑ አየሩን የሚሰነጥቀው በ75 ኖት ገደማ ነው። ሰው ይህን ጥድፊያ በአብዛኛው የሚያውቀው በዓይኑ ጠርዝ፣ ሽው እያለ በሚያልፈው መሬት ነው። እይታውን ሳጠብበው ያ ጠርዝ አብሮ ተቆረጠ፤ አውሮፕላኗ የምትንሳፈፍ እንጂ የምትሮጥ አልመስል አለችኝ። ሰፊው ስለ ርቀት ይዋሻል፣ ጠባቡ ስለ ፍጥነት። ከሁለቱ ውሸቶች የኋለኛውን መርጫለሁ፤ ፍጥነቱን ቢያንስ መለኪያው ይነግረኛል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጡ። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው። ስለ ዲግሪ የምለውን ሁሉ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣

“ወንበሩን አስተካክለሃል?” አሉኝ።

“ጋሼ፣ ወንበሩ እኮ የቤት ወንበር ነው።”

“እሱን አላልኩህም። የውስጡን።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በኤርባስ አውሮፕላኖች ሁለቱ የፊት መስታወቶች የሚገናኙበት ምሰሶ ላይ ትንንሽ ቀይና ነጭ ኳሶች አሉ። ፓይለቱ ቀዩዋ ነጯን እስክትጋርድለት ድረስ ወንበሩን ያስተካክላል፤ ያኔ ዓይኑ ኮክፒቱን የነደፉት ሰዎች ባሰቡለት ቦታ ላይ ትውላለች። ሴስና ኳስ የለውም፤ ሀዲድ ላይ የሚንሸራተት ወንበር ነው ያለው። የዚያ ሀዲድ ታሪክ ደግሞ ቀላል አይደለም። ያረጀው ሀዲድ መያዣ ፒኑን እየለቀቀ ወንበሩ ልክ በመነሻ ላይ ወደ ኋላ ሲንሸራተት፣ አብራሪው መሪውን እንደያዘ አብሮ ይሄዳል፤ አፍንጫውም ሽቅብ ይላል። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1987 ሀዲዶቹ በየጊዜው እንዲፈተሹ አስገዳጅ መመሪያ ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ ይህን ሲያወሩ ስኒያቸውን አስቀምጠው በእጃቸው ሲያሳዩኝ ነበር።

ስክሪኑ ውስጥ ወንበር ማስተካከል ማለት ዓይንን ማንቀሳቀስ ነውና፣ በቀስት ቁልፎቹ ዓይኔን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ከፍ አደረግሁ። ከዳሽቦርዱ ጫፍ በላይ የኮፈኑ ጀርባ ጥቂት ብቅ ሲል ጋሼ “በቃ!” አሉ። አፍንጫው ከአድማስ ጋር ሲነጻጸር ቀና ማለቱና ዝቅ ማለቱ አሁን በግልጽ ይለያል፤ ያንን በዲግሪው ብቻ አላገኘሁትም ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ጠባብ እይታ አንገት ይፈልጋል። ኤክስ ፕሌን ላይ አንገቱ በኪቦርዱ ቀኝ ያሉት የቁጥር ቁልፎች ናቸው፤ የፈለግኸውን እይታ ኮንትሮልን ከአንዱ ቁጥር ጋር ተጭነህ ታስቀምጠዋለህ፣ በኋላ ቁጥሩን ብቻ ስትጫን ይመጣል። 5 ፊት ለፊት፣ 2 ጌጆቹ፣ 4 ግራ፣ 1 ከግራ ትከሻዬ በስተኋላ። ይህችን 1 የሚንቅ ሰው ከማረፊያ በፊት በመንደርደሪያው ዙሪያ የሚበረረውን ዙር በርሮ አያውቅም። ቦሌ 25 ግራ በሚባለው መንደርደሪያ ለማረፍ በደቡብ በኩል ወደ ምሥራቅ ስሄድ መንደርደሪያው በግራዬ ያልፍና ጫፉ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ሲቀር ነው የምጠመዘዘው፤ ያንን ጫፍ የምታሳየኝ 1 ናት። መጠምዘዝ ስጀምር ደግሞ የሴስና ክንፍ ከላይ ስለሆነ ይወርድና ሁሉንም ይጋርደዋል። ይህ የቅንብር ጥፋት አይደለም፤ እውነተኛዋም እንዲሁ ናት።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

የእህቴ ልጅ ኦፕንትራክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫነልኝ። በዌብካሜራ ጭንቅላቴን እየተከታተለ እይታውን ያዞራል። ጭንቅላቴን 10 ዲግሪ ሳዞር ምስሉ 60 ይዞራል፤ ዓይኔ ከስክሪኑ እንዳይወጣ መባዛቱ ግድ ነው። ጥሩ ነው፣ ዘንበል ብዬ ከመስታወቱ ጥግ ማየት ሁሉ ተችሏል። ባለቤቴ ከማድ ቤት ስትጠራኝ ዞር ስል ግን ልክ ለማረፍ ስቃረብ የቀኙን በር መመልከት ጀመርኩ። መሃል ላይ ጥቂት ዲግሪ ምንም እንዳይንቀሳቀስ አደረግነው፤ ለጥሪው ግን መፍትሔ የለውም። ለዙር ተጠቀምኩበት፣ ለማረፊያ አጠፋሁት።

ከዚያ ልጁ “እስቲ እኔ” ብሎ ተቀመጠ። እይታውን ከአውሮፕላኗ ውጭ፣ ከጭራዋ ጀርባ አደረገው። ኮክፒት የለ፣ ጌጅ የለ፣ ኮፈን የለ። አምጥቶ መሃል መስመሩ ላይ እንደ ላባ አሳረፋት።

“ይህ አይቆጠርም” አልኩት።

“ለምን?”

ለቡና የመጡትን ጋሼን አየኋቸው። ጋሼ ቡናቸውን ይጠጣሉ።

“ጎማዎቹ የት እንዳሉ ያየ እሱ ብቻ ነው” አሉ።

ቅንብሩን ሳልነካው ተራዬን ተቀበልኩ።