ጥርሳችንን ስናነጣ ምን አጠፋን?

እኛ ተወልደን ያደግነው በስምጥ ሸለቆ ነው። የአካባቢያችን ብዙ ሰው ጥርሱ ቡናማ ነው። ስንስቅ አፋችንን በእጃችን እንሸፍናለን። አንዳንድ ሰው "ጥርሳቸውን የማይታጠቡ" ይለናል። እንታጠባለን እኮ! ጠዋት ጠዋት መፋቂያ ከአፋችን አይጠፋም።

አንድ ጊዜ ጓደኛችን ሊያገባ ሆነ። እኛ ሦስታችን ሚዜዎች ነበርን። ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ የሙሽራዋ ዘመዶችም ከደጋ ይመጣሉ። "በዚህ ጥርስ እንዴት እንስቃለን?" አልን። ከከተማ ገበያ "ጥርስ ያነጣል" የተባለ የጥርስ ሳሙና ገዛን። እርሱም አልበቃንም። ከሰል ወቅጠን ጨመርንበት፤ ሎሚም ጨመቅንበት። ከሙሽራው ጋር ሆነን ጠዋትና ማታ ለሦስት ሳምንት በቡሩሽ ፈገፈግን።

ምን አተረፍን? ቡናማው አልለቀቀም። በሠርጉ ዕለት ግን ቀዝቃዛ ውኃ ስንጠጣ ጥርሳችንን ነዘረን። ሙሽራው ጠላውን እንኳ በአንድ ጉንጩ ነበር የሚጠጣው።

ከሠርጉ በኋላ ከተማ ወርደን ለጥርስ ሐኪም ታየን። ሐኪሟም እንዲህ ሲሉ አስረዱን።

ጥርስ የላይ ልባስ አለው። ስሙ ኢናሜል ይባላል። በሰው ገላ ውስጥ እርሱን የሚያህል ጠንካራ ነገር የለም። ነገር ግን እንደ ጥፍርና እንደ ፀጉር ተመልሶ አይበቅልም። ከሥሩ ያለው የጥርስ ክፍል ደግሞ ቢጫ ነው። ልባሱ ሲሳሳ ቢጫው ብቅ ይላል። ነጭ እናደርጋለን ስንል ቢጫ እናደርጋለን ማለት ነው።

ነገሩን በምጣድ እንመልከተው። በጎመን ዘር የተሟሸ ምጣድ ልስልስ ነው፤ እንጀራ አይዝም። በድንጋይ ብንፈገፍገው ግን ይሻክራል፤ እንጀራውም ይጣበቃል። የሻከረ ጥርስም እንዲሁ የቡናና የሻይ ቀለም ቶሎ ይይዛል። ምጣድ እንደገና ይሟሻል። ጥርስ ግን አይሟሽም።

ጥርስ ያነጣሉ የሚባሉት ሳሙናዎች ብዙዎቹ ደቃቅ ዱቄት አለባቸው። ዱቄቱ የቡናን፣ የሻይንና የትንባሆን እድፍ ፈግፍጎ ያነሣል። በለስላሳ ቡሩሽ ቀስ ብለን ብንጠቀምበት ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከሰል ጨምረን፣ ተጭነን ስንፈገፍግ ግን ልባሱን ይበላዋል። የሎሚ ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ኮምጣጣው ልባሱን ያላላዋል፤ ወዲያው ሲፈገፍጉት እየተነሣ ይሄዳል።

"ታዲያ የእኛ ቡናማ ለምን አልለቀቀም?" ብለን ጠየቅን። እድፍ ስላልሆነ ነው አሉን። በጉድጓድ ውኃችን ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን አለ። ጥቂቱ ጥርስን ያጠነክራል፤ ሲበዛ ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ልክ በ1 ሊትር ውኃ 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ልጅ ጥርሱ በድዱ ውስጥ ገና ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ፣ ይህን ውኃ ከጠጣ ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ያለው በልባሱ ውስጥ ነው። ውኃውን ማፍላትም ፍሎራይዱን አያስወጣውም።

ይህን ስንሰማ እርስ በርሳችን ተያየን። ለካ ስናፍርበት የኖርነው ነገር የእኛ ጥፋት አልነበረም። ጥፋታችን መፈግፈጋችን ነው።

ዛሬ ሙሽራው የልጅ አባት ነው። ከቆርቆሮ ጣራው የዝናብ ውኃ በንጹሕ በርሜል ያጠራቅማል፤ አፍልቶ ለልጁ ያጠጣል። የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ ትንሽ ነውና። እኛም ከሰሉን ለምድጃ፣ ሎሚውን ለዓሣ ትተናል።

እንግዲህ ጥርሳችንን እናጽዳ እንጂ አንፈግፍግ። የልጆቻችንን ጥርስ ከውኃው እንጠብቅ። ስንስቅም አፋችንን አንሸፍን።